ናውሩ፦ የሌሎችን ማሳ አልምታ የራሷን ያጣች ደሴት

በየዓመቱ ክረምቱ ሲቃረብ በመቱ፣ በጎሬ፣ በዳሪሙና በአካባቢው ወረዳዎች ከሚነሡ ጉዳዮች አንዱ የማዳበሪያ ነገር ነው። ዋጋው ስንት ገባ? መቼ ይደርሳል? ለሁሉስ ይበቃል? በጆንያው ውስጥ ያለው ነገር ከየት ተቆፍሮ እንደመጣ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ለዩሪያ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከአየር ይገኛል። ለሰብል ሥር ብርታት የሚሰጠው ፎስፈረስ ግን ከአየር አይወሰድም፤ ፎስፌት ከሚባል ከምድር ከሚቆፈር ድንጋይ ይወጣል። ድንጋዩ በተነሣበት ስፍራ ደግሞ ጉድጓድ ይቀራል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሩቅ አገር ገበሬዎችን እርሻ ለማዳበር ስትቆፈር ኖራ፣ በመጨረሻ ከምድሯ አብዛኛውን ያጣች አንዲት ትንሽ አገር አለች። ስሟ ናውሩ ይባላል። ታሪኳ ከኢሉባቦር በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የተፈጸመ ቢሆንም፣ ኑሮውን በአፈር ላይ ለመሠረተ ሁሉ ባዕድ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በግማሽ ቀን በእግር የምትዞር አገር

ናውሩ በሰላማዊው ውቅያኖስ መካከል፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ትገኛለች። የቆዳ ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 2 ሺህ 100 ሄክታር ብቻ ነው። ከነፃ አገሮች መካከል በስፋት ከእርሷ የሚያንሱት ቫቲካንና ሞናኮ ናቸው። አገሪቱን ዙሪያዋን የሚከበው መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከመቱ እስከ ጎሬ ያለው መንገድ በርዝመት ይበልጠዋል። ማለዳ በእግሩ የተነሣ ሰው አገሩን በሙሉ ዞሮ ለምሳ ቤቱ ሊደርስ ይችላል።

የሕዝቧ ቁጥር 12 ሺህ ገደማ ነው። በሕግ የተሰየመ ዋና ከተማ የላትም፤ ምክር ቤቱና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሬን በተባለው ወረዳ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ይገኛሉ። የራሷ ገንዘብ ስለሌላት በአውስትራሊያ ዶላር ትገበያያለች። የቅርብ ጎረቤቷ ባናባ የተባለችው ሌላ ትንሽ ደሴት ስትሆን፣ በመካከላቸው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አለ።

የደሴቲቱ አቀማመጥ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ይመስላል። በባሕሩ ዳር ዙሪያውን አንድ ጠባብ ለም መሬት አለ፤ ኮኮናት የሚበቅለውም ሆነ ሰዉ ቤቱን የሠራው በዚህ መሬት ላይ ነው። ከዚያ ወደ መካከል ሲዘለቅ መሬቱ ከፍ ይላል። ይህ ከፍተኛ ቦታ ከደሴቲቱ አብዛኛውን ክፍል ይይዛል። ወንዝ የሚባል ነገር የለም። ቡዋዳ ከሚባለው ትንሽ ሐይቅ በቀር በገጸ ምድር ላይ የሚቆም ውኃ አይገኝም፤ ዝናቡም አንዳንድ ዓመት ይዘንባል፣ አንዳንድ ዓመት ይጠፋል። የሶር ወንዝ ሲወርድ እያየ ላደገ የመቱ ሰው ይህን ማሰብ ሊያስቸግር ይችላል።

የናውሩ ሰዎች በ12 ጎሳዎች የተከፈሉ ሲሆኑ፣ ጎሳ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው። በሰንደቅ ዓላማቸው ላይ ያለው ነጭ ኮከብ 12 ጫፎች ያሉት ለዚህ ነው። ከኮከቡ በላይ ሰማያዊውን ጨርቅ ለሁለት የሚከፍለው ቢጫ መሥመር የምድር ወገብን ያመለክታል። በቀድሞ ዘመን ምግባቸው ኮኮናት፣ ፓንዳነስ የተባለ ዛፍ ፍሬና ዓሣ ነበር። የዓሣ ጫጩት ከባሕር እየያዙ በቡዋዳ ሐይቅ ውስጥ ያረቡም ነበር። ሐይቁና ዳርቻው ሳይቀር በየቤተሰቡ የተከፋፈለ ነበር። መሬት ትንሽ በሆነበት አገር እያንዳንዱ ስንዝር ባለቤት አለው።

ከወፍ ኩስ የተገኘ ሀብት

ከደጅ የዶሮ ኩስ የተበተነበት መደብ ላይ ጎመን እንዴት እንደሚያምር የማያውቅ ገበሬ የለም። የናውሩም ሀብት ከዚሁ ዓይነት ነገር እንደመጣ ይነገራል። ደሴቲቱ የቆመችው በጥንት ዘመን ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ላይ ነው። ኮራል ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሚሠሩት የኖራ ድንጋይ ነው። በጣም ረጅም በሆነ ዘመን የባሕር ወፎች እየመጡ ሲያርፉባት ኩሳቸው ተከማቸ፤ ከኖራው ድንጋይ ጋር ተዋሕዶም ወደ ፎስፌት ተለወጠ። ፎስፌቱ እንደ ጥርስ በቆሙት የኮራል ዓምዶች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሞላው። በላዩ ላይ ደን በቀለ።

የናውሩ ፎስፌት በጥራቱ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነበር። በሰልፈሪክ አሲድ ሲታከም ሥር በቀላሉ ሊወስደው የሚችል ማዳበሪያ ይሆናል። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ አፈር ደግሞ በተፈጥሮው ፎስፈረስ የጎደለው ነው። ስለዚህ የአንዷ ሀብት ለሌሎቹ እርሻ እንደ ነፍስ ሆነ።

በር መደገፊያ የነበረው ድንጋይ

ናውሩን ከአውሮፓውያን መጀመሪያ ያያት በ1798 በዚያ ያለፈው ጆን ፈርን የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ነው። ባየው ልምላሜ ተደንቆ «መልካሚቱ ደሴት» ብሎ ሰየማት። ከዚያ በኋላ የመጡት መርከቦች መሣሪያና መጠጥ አመጡ። ከ1878 ጀምሮ ጎሳዎቹ ለአሥር ዓመታት እርስ በርስ ተዋጉ፤ የሕዝቡም ቁጥር እጅግ ቀነሰ። በ1888 ጀርመን ደሴቲቱን ያዘች፤ መሣሪያውንም ሰበሰበች።

የፎስፌቱ መገኘት ታሪክ ከአንድ በር ይጀምራል። በሲድኒ ከተማ በሚገኝ የንግድ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ከናውሩ የመጣ ድንጋይ በር መደገፊያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ብዙዎች ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ይመስላቸው ነበር። በ1899 አልበርት ኤሊስ የተባለ የኩባንያው ሠራተኛ ጠርጥሮ አስመረመረው፤ ምርጥ ፎስፌት ሆኖ ተገኘ። ቁፋሮው በ1906 ተጀምሮ በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያው ጭነት ወጣ። ለመሬቱ ባለቤቶች በቶን የሚከፈለው ገንዘብ ከምንም የማይቆጠር ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውስትራሊያ ወታደሮች ደሴቲቱን ያዙ። ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ናውሩን በብሪታንያ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሞግዚትነት ሥር አደረጋት። ሦስቱ መንግሥታት ኩባንያውን ገዝተው የጋራ የፎስፌት ድርጅት አቋቋሙ፤ ምርቱንም ለየአገራቸው ገበሬዎች በወጪው ዋጋ ብቻ ማደል ጀመሩ። ገበሬዎቹ ርካሽ ማዳበሪያ አገኙ። ዋጋው ከዓለም ገበያ በታች መሆኑ ግን በሌላ አነጋገር የናውሩ ሕዝብ ድርሻ መቀነሱ ነበር። ሞግዚቱና ገዢው አንድ በሆኑበት ውል ውስጥ ስለ ዋጋ የሚከራከርለት አልነበረም።

1 ሺህ 500 ሰው የመሆን በዓል

ናውሩ በየዓመቱ ጥቅምት 26 ቀን (በአውሮፓውያን) የምታከብረው «አንጋም» የተባለ በዓል አላት። በ1920 የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ አንድ ሕዝብ ሆኖ ለመቀጠል ቢያንስ 1 ሺህ 500 ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ታሰበ። በ1932 ያን ቁጥር የሞላ ሕፃን ሲወለድ አገሩ ሁሉ ተደሰተ፤ ዕለቱም በዓል ሆነ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1942 ጃፓን ደሴቲቱን ያዘች፤ 1 ሺህ 200 ያህሉን ነዋሪዎችም ትሩክ ወደተባሉ ሩቅ ደሴቶች አጋዘች። በዚያ በረኃብ፣ በበሽታና በከባድ ሥራ ብዙዎች አለቁ። የተረፉት 737 ሰዎች ወደ አገራቸው የተመለሱት ጥር 31 ቀን 1946 ነበር። ቁጥሩ እንደገና 1 ሺህ 500 የሞላው በ1949 ነው። በሺዎች ሳይሆን ነፍስ በነፍስ ሲቆጠር የኖረ ሕዝብ ለመሬቱ ያለውን ስሜት ለመረዳት ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

አገር ስጡን ላሉት የተሰጠ መልስ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፎስፌቱ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እንደሚያልቅ ታወቀ። አውስትራሊያ አንድ መፍትሔ አቀረበች፤ ናውሩውያን ደሴታቸውን ትተው በኩዊንስላንድ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ከርቲስ ደሴት ላይ ይስፈሩ አለች። በስፋት ከናውሩ ብዙ እጥፍ የምትበልጥ ደሴት ናት። ናውሩውያን በዚያ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ሕዝብ ሆነው እንዲኖሩ ጠየቁ። አውስትራሊያ ዜግነቷን ልትሰጣቸው እንጂ ሌላ መንግሥት በግዛቷ ውስጥ ልትፈቅድ አልፈለገችም። በ1964 ግብዣውን አልተቀበሉም። ሰፊ መሬት ይዞ ሕዝብነትን ከማጣት፣ የተቦረቦረውን የራስ መሬት መረጡ።

በዚያ ጊዜ ሕዝቡን ይመራ የነበረው ሀመር ዲሮበርት ሲሆን፣ እርሱም ከትሩክ ስደት ተርፎ የተመለሰ ነበር። ነፃነት የታወጀው ጥር 31 ቀን 1968፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 22 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የተመረጠው የስደተኞቹ መመለሻ ስለነበረ ነው። ዲሮበርት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። አዲሱ መንግሥት የፎስፌቱን ሥራ ከሦስቱ መንግሥታት በ21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገዝቶ በ1970 ሙሉ በሙሉ ተረከበ።

ሀብቱና ውድቀቱ

በ1970ዎቹ አጋማሽ የናውሩ ሰው በነፍስ ወከፍ ገቢ በዓለም ከታወቁት ባለጠጎች አንዱ ሆነ። ግብር የሚባል አልነበረም። ሕክምና በነፃ ነበር፤ ወጣቶች በመንግሥት ወጪ ውጭ አገር ይማሩ ነበር። አገሪቱ የራሷን አየር መንገድ አቋቋመች። በሜልበርን ከተማም ባለ 52 ፎቅ ሕንፃ ሠራች።

ፎስፌቱ እንደሚያልቅ የዘነጋ አልነበረም። ለዚያ ቀን ተብሎ ከሽያጩ ገንዘብ የሚቀመጥበት የአደራ ፈንድ ተቋቁሞ ነበር። ችግሩ ገንዘቡ የተያዘበት መንገድ ነው። ሆቴልና ሕንፃ በየአገሩ ተገዛ፤ ብዙ መንገደኛ የሌላቸው በረራዎች በኪሳራ ቀጠሉ። በ1993 በለንደን ለአንድ የሙዚቃ ቲያትር የወጣው ገንዘብ ቲያትሩ በሳምንታት ውስጥ ሲዘጋ አብሮ ጠፋ። የመንግሥት ወጪ ከገቢው በለጠ፤ ጉድለቱ በብድር ተሞላ፤ ለብድሩም ያ የአደራ ሀብት መያዣ ሆነ።

በ1990ዎቹ ምርቱ እየነጠፈ ሲሄድ አገሪቱ ማንነታቸው ለማይታወቅ ባንኮች ፈቃድ ወደመሸጥ ገባች። ይህም በሕገ ወጥ ገንዘብ ማጠቢያነት አስከሰሳት። በ2004 የሜልበርኑ ሕንፃ ለዕዳ ተሸጠ። በ2005 አየር መንገዱ የቀረውን አውሮፕላን አበዳሪዎች ወሰዱት። የአገሩ ባንክ በመክሰሩም ሕዝቡ ያስቀመጠውን ገንዘብ ማውጣት አቃተው። ከዓለም ባለጠጎች ተርታ ወደ ባዶ እጅ የተደረገው ጉዞ ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ወስዷል።

የተቆፈረው መሬት ክስ

ገንዘቡ ሲሄድ የቀረው መሬቱ ነበር። ከደሴቲቱ 80 በመቶ ያህሉ ተቆፍሯል። ፎስፌቱ ከክፍተቱ ሲወጣ የኮራል ዓምዶቹ ራቁታቸውን ቀሩ። አንዳንዶቹ ከአሥር ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው፣ ጫፋቸው እንደ ጦር የሾለ ድንጋዮች ናቸው። በዚያ ላይ ማረስ፣ ቤት መሥራት፣ እንስሳ ማሰማራት አይቻልም። ከድንጋዩ መካከል ቁጥቋጦ ቢበቅልም የቀድሞው ደን አልተመለሰም።

ናውሩ በ1989 አውስትራሊያን በሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ክሱ ከነፃነት በፊት የተቆፈረውን መሬት የማደስ ኃላፊነት የሞግዚቶቹ ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በሞግዚት አስተዳደር ጉዳይ ሲጠየቅ የመጀመሪያው አልነበረም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 በዚሁ ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካን ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ፣ ከሰው ነበር። ያ ክስ በ1966 ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ወድቆ፣ በአፍሪካ ዘንድ ታላቅ ቅሬታ ፈጥሮ ነበር። የናውሩ ዕጣ ግን የተለየ ሆነ። በ1992 ፍርድ ቤቱ ክሱን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። በተከታዩ ዓመት አውስትራሊያ በስምምነት 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ ከፊሉ ወዲያው፣ ቀሪው በ20 ዓመታት ውስጥ የሚሰጥ ነበር። ብሪታንያና ኒውዚላንድም የየድርሻቸውን አዋጡ።

ገንዘቡ ቢመጣም መሬቱ እንደ ገንዘቡ ቶሎ አልተመለሰም። ዓምዶቹን አፍርሶ፣ አፈር አልብሶ፣ ዛፍ ማብቀል እጅግ ውድና ዘገምተኛ ሥራ ሆኗል። የታደሰው መሬት እስከ ዛሬ ትንሽ ነው።

የዛሬዋ ናውሩ

ናውሩ በ1999 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆነች። ዛሬ ገቢዋ ከጥቂት ምንጮች ይመጣል። አንዱ ባሕሯ ነው፤ በ1982 ስሟን በያዘው ስምምነት ከጎረቤት ደሴቶች ጋር ተባብራ፣ በውኃቸው ቱና ለሚያጠምዱ የውጭ መርከቦች ፈቃድ በቀን ሒሳብ ይሸጣሉ። ትንንሽ አገሮች ተባብረው ዋጋ በራሳቸው የወሰኑበት ይህ አሠራር ከፎስፌቱ ዘመን የተለየ ትምህርት ሰጥቷል።

ሌላው ምንጭ ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው። አውስትራሊያ በጀልባ ወደ ባሕሯ የሚመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከ2001 ጀምሮ ወደ ናውሩ ስትልክ ቆይታለች። ማዕከሉ በ2008 ተዘግቶ በ2012 እንደገና ተከፍቷል። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች በአያያዙ ላይ ከባድ ወቀሳ ሲያቀርቡ፣ ለደሴቲቱ ግን ሥራና ገንዘብ አምጥቷል።

ምግብ በአብዛኛው በመርከብ ይመጣል። ሩዝ፣ የቆርቆሮ ሥጋና ስኳር የዓሣውንና የኮኮናቱን ቦታ በመውሰዳቸው፣ ናውሩ ከመጠን በላይ ውፍረትና የስኳር በሽታ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። የመጠጥ ውኃ ከዝናብ ይጠራቀማል፤ ከባሕርም ጨው እየተለየ ይቀርባል። የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ሁሉ የተሠራበት ጠባብ ዳርቻ አደጋ ላይ ወድቋል። መንግሥት ሕዝቡን ወደ መካከለኛው ከፍታ ለማዛወር አቅዷል። ያ ከፍታ ግን ፎስፌቱ የወጣበት፣ በድንጋይ ዓምድ የተሞላው ቦታ ነው። የትናንቱ ጉድጓድ ለነገ መጠጊያነት የሚፈለግ ሆኖ ተገኝቷል።

ጎረቤቷ ባናባም በዚያው መንገድ አልፋለች። ፎስፌቷ ተቆፍሮ ሲያልቅ አብዛኛው ሕዝቧ ቀድሞ በ1945 በፊጂ ወደምትገኝ ሌላ ደሴት ተዛውሮ ነበር። አሁን ናውሩ ዓይኗን በውቅያኖሱ ወለል ላይ ወዳሉት ማዕድናት አዙራለች። ይህም ቁፋሮው ከየብስ ወደ ባሕር ይዛወር ይሆን የሚል ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሥቷል።

ለእርሻ አገር የሚተርፈው ጥያቄ

የኢሉባቦር መሬት ከናውሩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩ ጥልቅ፣ ደኑ ሰፊ ነው። ሆኖም ያው ብዙ ዝናብ የቀዩን አፈር ኖራማ ንጥረ ነገሮች እያጠበ አሲዳማ ያደርገዋል። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም የተጨመረውን ፎስፈረስ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰብሉ ከማዳበሪያው የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ኖራ መጨመር፣ ኮምፖስትና ፍግ መጠቀም፣ ባቄላና አተርን ከበቆሎ ጋር ማፈራረቅ፣ አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ እርከን መሥራት ለዚህ ነው የሚመከረው። ከሩቅ አገር ተቆፍሮ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ የመጣን ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ አስሮ ማስቀረት ድርብ ኪሳራ ነው። የዓለም የፎስፌት ክምችት ትልቁ ክፍል ዛሬ በሞሮኮ እጅ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ማለቂያ አለው።

ከመቱ በስተምሥራቅ ባለው በያዩ አካባቢ ሁለቱ ዓይነት ሀብት ጎን ለጎን ይገኛል። ከአፈሩ በላይ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበውና የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን አለ። ከአፈሩ በታች የድንጋይ ከሰል አለ፤ በእርሱም ላይ ተመሥርቶ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ለዓመታት ተጓቶ መቋረጡ ይታወሳል። ከምድር በታች ያለውን ሀብት መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም። የናውሩ ታሪክ የሚያስገነዝበው ከመቆፈሩ በፊት መልስ ሊያገኙ የሚገባቸው ጥያቄዎች መኖራቸውን ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ጉድጓዱን የሚደፍነው ማን ነው? ገንዘቡ የሚቀመጠውስ የት ነው፣ ማንስ ይቆጣጠረዋል?

ናውሩ ሦስቱንም የጠየቀችው ዘግይታ ነው። የመጀመሪያውን ባዕዳን መለሱላት። ሁለተኛውን በፍርድ ቤት አነሣችው። ሦስተኛውን ግን የራሷ መሪዎች ሳይመልሱት ገንዘቡ አለቀ። ከወፎች ኩስ እልፍ ዘመን ወስዶ የተሠራው አፈር ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ በመርከብ ተጭኖ ሄደ። በሩቅ አገር ስንዴና ሣር ሆኖ በቀለ። በደሴቲቱ ላይ የቀረው የኮራል ድንጋይና ቦታውን ሳይለቅ ዛሬም የሚኖርባት ሕዝቧ ነው።